ወንበሩ አይመችም

አባቴ ውሸት አይወድም። ሰማንያ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው ግን አንድ ውሸት ዋሸኝ፤ እኔ ሞኟ ልጁም አምኜው፣ ቀጨኔ ካለው ቤታችን አዲሱ ገበያ ድረስ ተንከራትቼ ለአሮጌ ጂፑ አዲስ ወንበር አስገጠምኩ። አዲስ ስል ለእኛ አዲስ ማለቴ ነው። ውሸቷ ሁለት ቃል ብቻ ነበረች፤ «ወንበሩ አይመችም።»

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የመንገድ ቀያሾችን እየጫነ አገር ላገር ሲዞር የኖረ ሾፌር ነው። ጡረታ የወጣ ጊዜ ጂፗም አብራው ጡረታ ወጥታ ስለነበር በጨረታ ገዛት። ሣጥን የመሰለች፣ በአንድ ወቅት አረንጓዴ የነበረች መኪና ናት። ለእኛ ሰፈር ግን ያለሷ አይሆንም። ታክሲ ነጂዎች ዳገታችን ሥር ሲደርሱ ቀና ብለው ያዩትና «እናቴ፣ ከዚህ በላይ አይወጣም» ብለው ከነዘምቢላችን ያራግፉናል። እሷ ትወጣዋለች። ድምጿ ሰፈሩን በሙሉ ከሥራ ያስፈታል እንጂ ትወጣዋለች። የአባቴ ጉልበት ከደከመ ወዲህ ደግሞ ያለሷ ከግቢ መውጣት አይችልም።

መጀመሪያ የከዳው ዓይኑ ነው። መንጃ ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ የዓይን ምርመራው ላይ ወደቀ። ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ፊደላት ትልቁን ብቻ አንብቦ፣ «መንገድ ላይ የሚመጣብኝ መኪና ነው እንጂ ፊደል አይደለም» ብሎ ከሐኪሙ ጋር ተጣልቶ መጣ። ከዚያ በፊት የጎረቤታችንን አጥር ሁለት ጊዜ ገጭቶታል። በእሱ አባባል አጥሩ ነው ወደ መንገድ የወጣው።

ስለዚህ ቁልፉን ወሰድኩበት። ከኮቱ ኪስ አውጥቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሳደርገው አየኝ፣ እንዳየኝም አየሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም ስለ ዝናቡ አወራን። እስካሁን ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም፤ እንዲያውም ኃላፊነት የሚሰማኝ ልጅ ነኝ ብዬ ልቤ አብጦ ነበር። «አባዬ፣ ከእንግዲህ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ ጋቢና ትቀመጣለህ» አልኩት።

ያከበርኩት መስሎኝ ነው። ጋቢና በእኛ ዘንድ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ተሰብስቦ መኪና ውስጥ ሊገባ ሲል ማን ጋቢና ይቀመጥ በሚለው ላይ የሚደረገውን ልመና የማያውቅ የለም። «እርስዎ ይግቡ»፣ «ኧረ በፍጹም»፣ «በመድኃኔዓለም»፣ «እኔ ኋላ ይመቸኛል»። በዚህ መሀል ኋላ የተቀመጡት ይታፈናሉ፣ ሾፌሩ ሞተር አስነስቶ መልሶ ያጠፋል፣ ቀብር የሚሄዱ ከሆነ ቀብሩ ያልፋል። እኔ ይህን ሁሉ ክብር ያለ ምንም ልመና ለአባቴ ሰጠሁት። ሲሰጠው ለምን ዝም እንዳለ መጠየቅ አልመጣልኝም።

ጋቢና ሆኖ የሄደው አንድ ቀን ነው፤ ወደ ዓይን ሕክምና። በሩ ላይ ዘበኛው ብድግ ብሎ «አባቴ፣ ደህና ዋሉ፣ ማን አመጣዎት?» አለው፣ በትህትና። አባቴ አፉን ከመክፈቱ በፊት እኔ ከኋላው ቀልጠፍ ብዬ «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው!» አልኩ። ሰውም እንዲሰማ ነው መሰለኝ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ስንመለስ አባቴ ቤት እስክንደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀመጠ። ከመኪናው ወርዶ፣ በሩን ዘግቶ፣ በመስኮት በኩል «ወንበሩ አይመችም። ሽቦው ይወጋል» አለኝ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ውስጥ አልገባም አለ። ይህ ቀልድ አልነበረም። አባቴ ከጓደኞቹ ጋር በየወሩ በሃያ ሰባት የመድኃኔዓለም ጽዋ አላቸው፤ በየቤታቸው በየተራ ይደግሳሉ። ሲጀምሩ ግቢ የሚሞሉ ማኅበርተኞች ነበሩ። አሁን አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃቸዋል። አባቴ በሕመም እንኳ ቀርቶባቸው አያውቅም ነበር። አንድ ሃያ ሰባት ቀረ። ሁለተኛው ቀረ። ሦስተኛው ላይ የማኅበሩ ሰዎች ዳቦ በሰው ላኩለት፤ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ ሲበላው አየሁት። አራተኛውም ቀረ። ከአልጋ ወደ በረንዳ፣ ከበረንዳ ወደ አልጋ ሆነ ኑሮው። ጢሙን መላጨት ተወ። ቤት የዋለ ሽማግሌ እንዴት እያነሰ እንደሚሄድ በአጎቴ አይቼው ስለነበር ፈራሁ። በጣም ፈራሁ።

ስፈራ ደግሞ ሥራ እሠራለሁ፤ ማሰብ ግን አልችልም። በመጀመሪያ ጋቢናው ላይ ስፖንጅ አነጠፍኩ። «ይንሸራተታል» አለ። ጋቢውን አጥፌ ደረብኩበት። ጋቢናው ጋቢ ለብሶ ቢጠብቀውም «ይሞቃል» አለ። «እንግዲያው ወንበሩን እንዳለ እቀይረዋለሁ!» ብዬ ፎከርኩ። አባቴ «ከየት አባትሽ ታመጪዋለሽ? የሷ ወንበር እንደሆነ ዛሬ አይገኝም» አለኝ። አሁን ሳስበው ልቡ ቅልል ብሎት ነው ያለው።

አዲሱ ገበያ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚሸጥና የሚገጥም ሰው አለ አሉኝ፣ ሄድኩ። ሰውየው እኔን አልፎ ከኋላዬ ማን እንዳለ ተመለከተ።

«ባለቤቱ አልመጣም?»

«የመኪናዋ ባለቤት ቤት ነው።»

«አይ... ማለቴ ያንቺን ነው።»

«እኔ ባለቤት የለኝም። ጂፕ ነው ያለኝ።»

ከዚህ በኋላ ትንሽ አከበረኝ። ሁለት ግራጫ ወንበሮች ከጓዳ አወጣ። ከጃፓን ከመጣችና ተገጭታ ከተፈታች ትንሽ መኪና የወጡ ናቸው አለ። ሁለቱም ከላይ እስከ ታች አዲስ ላስቲክ ለብሰዋል። ላስቲኩ ነው እንጂ አዲሱ፣ ወንበሮቹስ ስንት ሰው እንዳለፈባቸው እግዜር ይወቀው።

«ለሷ ይሆናል?» አልኩት።

«ልክክ ይላል!»

«መኪናዋን እኮ አላየሃትም፤ ውጭ ናት።»

«ማየት ምን ያደርጋል እህቴ? ልክክ ነው የሚለው።»

ሰውየው ይህችን ቃል በጣም ይወዳታል። በሦስት ቀን ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቤቱ ይቁጠረው። በመጀመሪያው ቀን አሮጌዎቹን ወንበሮች መንቀል አቃተው፤ ቡሎኖቹ ከወለሉ ጋር በዝገት አንድ ሆነዋል። ዘይት አፈሰሰበት፣ ረገጠው፣ ሰደበው፣ በመጨረሻ «ነገ ነይ» አለኝ። በማግስቱ ስመጣ ነቅሎታል። የሾፌሩን ወንበር መሬት ላይ አገላብጦ እያየ ነበር። ቆዳው ተተልትሏል፣ ስፖንጁ አልቋል፣ ሦስት ሽቦ ወደ ላይ ቀንድ አውጥቷል።

«በዚህ ላይ ሰው ተቀምጦ ነበር?» አለኝ።

«አባቴ። ከሠላሳ ዓመት በላይ።»

«ጋቢናው እኮ ከዚህ በጣም ይሻላል» አለ፣ የጋቢናውን ወንበር በእጁ እየተጫነ። «ሽቦም አልወጣበትም።»

እዚህ ላይ ማሰብ ነበረብኝ። የሚወጋው ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ አንድ ቀን ያላማረረ ሰው፣ የማይወጋው ላይ አንድ ቀን ተቀምጦ ወጋኝ ሲል ጤነኛ አእምሮ ያለው ሰው ቆም ይላል። እኔ ግን «ቶሎ በልልኝ» አልኩት።

በዚያው ቀን አዲሶቹ ወንበሮች ከወለሉ ቀዳዳዎች ጋር ጨርሶ እንደማይገናኙ ታወቀ። የወንበሩ እግር ወዲህ፣ ቀዳዳው ወዲያ።

«ልክክ ይላል ብለኸኝ አልነበር?»

«ልክክ እንዲል እያደረግነው ነዋ!» አለኝ፣ ማመስገን ሲገባኝ የማማርር አስመስሎ። ብየዳ ጀመረ። ሥራ ፈት ሁሉ ለምክር ተሰበሰበ። አንዱ «ከፍ አድርገው»፣ ሌላው «ዝቅ አድርገው» ይለዋል። አንድ ኮት የለበሰ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ዞሯት ሲያበቃ «ሽጫት» ብሎኝ ሄደ። ሁሉም የተስማሙበት ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ላስቲኩን እንዳታነሺው።

ከላስቲክ ጋር ያለን ፍቅር ይገርመኛል። ሶፋ ገዝተን ላስቲኩን አናነሳም፤ እንግዳ መጥቶ ከሶፋው ጋር ተጣብቆ ሲነሳ ይቀደዳል። ሪሞቱ ላስቲክ ውስጥ፣ ፍራሹ ላስቲክ ውስጥ። ዕቃውን ለማን እንደምናስቀምጠው የሚያውቅ የለም። ግን ይኸው እኔም አላነሳሁትም። «ይቆይ» አልኩ፣ እንደ ሁሉም ሰው።

በሦስተኛው ቀን ሥራው አለቀ። ገብቼ የሾፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ላስቲኩ ጮኸ፣ እኔ ሰመጥኩ። አጭር መሆኔን አውቃለሁ፣ ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። የዚያን ቀን ግን ከመሪው በላይ የሚታየኝ ሰማይ ብቻ ነበር።

«ይሄ ከፍ አይልም?»

«ያ አይልም። ከፍ የሚለው ያኛው ነው» አለና ጋቢናውን አሳየኝ። ከበሩ በኩል ማንሻ አለው፤ ስትስቢው ይነሳል፣ ስትጫኚው ይወርዳል። ሌላም ወገብ የሚደግፍ ነገር አለው። የእኔው ወደፊትና ወደኋላ ከመሄድ በቀር ምንም አያውቅም።

«ለምንድነው ለተሳፋሪው ይሄ ሁሉ?»

ሰውየው ሕፃን እንደሚያስተምር ሰው ዘርዝሮ አስረዳኝ። «ጃፓን መሪው በቀኝ ነው። የሾፌሩም ወንበር በቀኝ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ቀኙ ጋቢና ነው። ስለዚህ የሾፌሩ ጋቢና ሆነ፣ የጋቢናው የሾፌር ሆነ። ያው ነው እኮ፣ ሁለቱም ወንበር ነው።»

«ቀይርልኛ!»

«ከተቀየረ ማንሻው ከማርሹ ጋር ይጣላል። ደሞ ተበይዷል።»

«ታዲያ ምኑ ነው ልክክ ያለው?»

ጥያቄውን ከምሩ አሰበበት። «ወንበሩ ከወለሉ ጋር» አለኝ።

ለአባቴ አንጥፌው የነበረውን ጋቢ አራት ጊዜ አጥፌ ከሥሬ አነጠፍኩትና ነድቼ ተመለስኩ። ዳገታችን ሥር የቆሙ ሰዎች ጂፗ ያለ ሾፌር የምትወጣ መስሏቸው ገለል አሉ። ከንዴት ብዛት እንባዬ መጣ። ለአንድ ሽማግሌ ምቾት ብዬ ራሴን መንገድ የማላይ አድርጌ ነበር፤ ዓይን የጎደለው ሾፌር አስወርጄ ቁመት የጎደለው ሾፌር አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ሃያ ሰባት ነበር። የወሩ ድግስ ዊንጌት አካባቢ አንድ ጓደኛው ቤት ነው። ጠዋት በረንዳ ላይ ሄጄ «አባዬ፣ ወንበሩ ተቀይሯል። በል ተነስ» አልኩት።

ደስ ይለዋል ብዬ ነበር። ፊቱ ግን ክፉኛ ደነገጠ፤ ሰበቡን የተነጠቀ ሰው ድንጋጤ ነበር። ያኔ ምስጋና ቢስነት መሰለኝና ጮህኩበት። «ሦስት ቀን ሙሉ ጭስና ዘይት ስጠጣ ሰነበትኩ! ሽቦ ይወጋል ብለህ! አሁን ደግሞ ምን ልትል ነው?»

«ማን በየደው?» አለኝ።

«አዲሱ ገበያ ያለ ሰው።»

«አዲሱ ገበያ» አለ፣ በንቀት። ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። ሊሄድ አልነበረም የተነሳው፤ የሰው ብየዳ ሳያይ ማደር የማይችል ሾፌር ስለሆነ ነው። የጋቢናውን በር ከፍቶ ጎንበስ አለና የወንበሩን እግር በእጁ ዳሰሰ። ብየዳውን በጥፍሩ ፈተሸው። «እህ» አለ፤ አልናቀውም ማለት ነው። ከዚያ እጁን ወደ ላይ ሲያመጣ ላስቲኩን አገኘ። «ይሄ ምንድነው?» ብሎ ጣቱን ሰደደና አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። በስንት ምክር የጠበቅሁትን ላስቲክ!

ከላስቲኩ ሥር ያለውን ጨርቅ ቀስ ብሎ ዳሰሰ። ዓይኑ የማያየውን ጣቱ ያያል። በበሩ በኩል ካለው ጠርዝ ሲደርስ ቆመ። ሌላው ቦታ ደህና ነው፤ እሱ ብቻ ሳስቶ ተበልቷል።

«ይሄ ሾፌር የተቀመጠበት ነው» አለ።

«እንዴት አወቅክ?»

«ተሳፋሪ እንዲህ አይበላውም። አንዴ ገብቶ አንዴ ይወርዳል። በቀን ሃያ ጊዜ በዚህ ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ የሚወርድ ሾፌር ነው።» ጠርዙን በመዳፉ ደጋግሞ አሸው። «ብዙ የሠራ ሰው ነው።»

«ተሳስቶ ነው የገጠመው፣ እኔኮ ነግሬዋለሁ፣ የዛሬ ሳምንት ወስጄ...»

«ተይው» አለኝ።

«የሾፌር ወንበር እኮ ነው፤ ቦታው...»

«ሰማሁሽ። ተይው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። የገባኝ ከአፉ አይደለም፣ ከአቀማመጡ ነው። ገብቶ ቁጭ አለ፤ ጀርባውን ለጠጥ አድርጎ፣ እግሩን ዘርግቶ፣ ምርኩዙን ኋላ ወርውሮ። ማንሻውን ማንም ሳያሳየው አገኘው። ሳበው። ከፍ አለ። ደግሞ ሳበው። ጭንቅላቱ ከእኔ በላይ ሆነ። ለካ ለአራት ወር የወጋው ሽቦ አልነበረም። ወጊዋ እኔ ነበርኩ፤ ዓይን ሕክምናው በር ላይ ጮክ ብዬ። ለዚህ ሁሉ መድኃኒት ፍለጋ ያልሄድኩበት የለም፣ አንዲት ቀን አፌን መዝጋት ግን አልመጣልኝም።

«ኮቴን አምጪልኝ» አለ። «ቆይ፣ መጀመሪያ ልላጭ።»

ቁልቁለቱን ስንወርድ ለደቂቃ አልተወኝም። «ሁለተኛ አግቢ። ሁለተኛ! ፍሬኑን አትርገጪው፣ በማርሽ ነው የሚወረደው። ቀኝሽን ያዢ።» በሌላ ቀን ቢሆን መኪናዋን አቁሜ እወርድ ነበር። ነገሩ ከጋቢው በላይ ሆኜ የሚታየኝ የመንገዱ ግማሽ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከፍ ብሎ ተቀምጦ፣ ፊደል ባያነብም መንገዱን በቃሉ ያውቀዋል። ጉድጓድ ከመድረሳችን በፊት ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። እሱ ሲጫን እኔ እይዛለሁ። ታጥፈን ዋናው መንገድ ስንገባ አንድም ቃል ሳንናገር እንዲሁ እየሄድን ነበር።

ዊንጌት ስንደርስ የድግሱ ባለቤት በር ላይ ቆሟል። እሱም ምርኩዝ ይዟል። ጂፗን በድምጿ አውቋት ነው የወጣው። አባቴን በመስኮት ሲያይ እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ።

«አንተ! በሕይወት አለህ? ማን አመጣህ?»

መሪውን ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት።

አባቴ በሩን ከፈተና በዚያ በተበላው ጠርዝ ላይ ተንሸራቶ ወረደ። ኮቱን አስተካከለ።

«ማን ያመጣኛል?» አለው። «ነድተን መጣን።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። የሾፌሩ ቦታ መጀመሪያ ባዶ መስሎት ነበር፤ ቆይቶ ከመሪው ሥር ግንባሬን አገኘው።

«አዎ ጋሼ» አልኩ፣ ቀስ ብዬ። «ነድተን መጣን።»